የመጀመሪያ ቺፓችን ምን ቢሆን ይሻላል? 4 ነን፣ ልምድ የለንም

ጀማሪዎቹ_4፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ናችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

እኔና ሶስት ጓደኞቼ አምና ነው የተመረቅነው። ሶስታችን ኤሌክትሪካል ነን፣ አራተኛዋ ሶፍትዌር ናት። አሁን ሁላችንም ስራ ይዘናል ግን ከቺፕ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ እኔ ጄኔሬተር ጥገና ላይ ነኝ፣ አንዱ የቴሌኮም ሳይት ላይ ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው። ግቢ እያለን ቬሪሎግ የሚባለውን የሃርድዌር መጻፊያ ቋንቋ በአንድ ኮርስ ነክተነዋል፣ ላቡ በሲሙሌሽን ብቻ አለቀ፣ ቦርድ ላይ ጭነን አናውቅም ነበር። ባለፈው የአንዱ ጓደኛችን አጎት ከዱባይ ሲመጣ ታንግ ናኖ 9ኬ የምትባለዋን ትንሽ የኤፍፒጂኤ ቦርድ (ውስጡን እንደፈለጉ ደጋግመው ማስተካከል የሚቻል ቺፕ ያለበት) ይዞልን መጣ፣ ከዛች ቀን ጀምሮ እሁድ እሁድ ተሰብስበን እየሰራን ነው። ኤልኢዲ አብርተናል፣ በዩአርት (ቢት በቢት በአንድ ሽቦ በሚላክበት ቀላል መስመር) ዳታ ልከን ተቀብለናል፣ አሁን ልባችን ተነስቷል፣ እውነተኛ ቺፕ ሰርተን በእጃችን መያዝ እንፈልጋለን።

ያሰብነው የሪስክ ፋይቭ (ለማንም ክፍት የሆነ የኢንስትራክሽን ስብስብ) ፕሮሰሰር ነው፣ 32 ቢት፣ ፓይፕላይን ያለው (ኢንስትራክሽኖችን በየደረጃው አደራርቦ የሚሰራ)፣ 1 ኪሎባይት ካሽ (ፈጣን ሜሞሪ)፣ ከጎኑ ደሞ ለኤአይ የሚሆን የማትሪክስ ማባዣ። ጊዜያችን 9 ወር ገደማ ነው ምክንያቱም ከዛ በኋላ ሁለታችን ለማስተርስ ማመልከት እንፈልጋለን። እያንዳንዳችን በሳምንት 8 ሰዓት ብናወጣ ነው። ገንዘቡን ከየደሞዛችን እያዋጣን ነው። ታይኒ ቴፕአውትን አይተነዋል፣ በጋራ ሻትል (የብዙ ሰው ንድፍ አንድ ላይ የሚመረትበት ዙር) ላይ ትንሽ ቦታ ገዝቶ ማሰራት እንደሚቻል ገብቶናል።

ይሄ እቅድ ይሄዳል ወይ? ካልሄደስ ምን እንምረጥ? ኤልኢዲ ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ነገር አንፈልግም፣ ሰው አይቶት "ይሄ ስራ ነው" የሚለው ነገር ቢሆን ነው ደስ የሚለን። እውነቱን ንገሩን፣ አንቀየምም።

ቬሪፊኬሽን_ነኝ፦

ወንድሜ በመጀመሪያ እንኳን ጀመራችሁ፣ ቦርድ ላይ ዩአርት ያስነሳ ቡድን ቀላል መንገድ አልመጣም። እኔ ጀርመን ሀገር ቺፕ ቬሪፊኬሽን ላይ ነው የምሰራው፣ ኮድ ከመጻፍ ይልቅ ሌላ ሰው የጻፈው ውስጥ ስህተት መፈለግ ነው እንጀራዬ፣ ስለዚ ከዛ በኩል ሆኜ ነው የምነግርህ።

ይሄን እቅድ ለጊዜው አስቀምጡት። ሂሳቡን አብረን እንይ። 4 ሰው በሳምንት 8 ሰዓት ለ36 ሳምንት ማለት 1,152 ሰዓት ነው፣ አንድ ሰው ሙሉ ቀን እየሰራ 7 ወር እንኳን የማይሞላ። ፓይፕላይን ያለው ፕሮሰሰር ጽፎ አንድ ፕሮግራም ማስኬድ በዚ ጊዜ ውስጥ ይቻላል። የማይቻለው በየትኛውም የኢንስትራክሽን ቅደም ተከተል ላይ፣ ካሹ ባዶም ሆነ ሙሉ ሲሆን፣ ኢንተረፕት መሀል ላይ ሲገባ፣ ሁሌም ልክ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ሶፍትዌር ላይ ስህተት ስታገኝ አስተካክለህ መልሰህ ትለቃለህ፣ ቺፕ ላይ ግን ማስኩ (ንድፉን ሲሊከን ላይ ማተሚያው) ከወጣ በኋላ የተረሳች አንዲት ሽቦ ተረስታ ትቀራለች፣ እናንተ ደሞ ለሁለተኛ ዙር የሚሆን ገንዘብም ጊዜም የላችሁም።

ኢንቴል 4004 የሚባለውን የድሮ ፕሮሰሰር ታውቁታላችሁ፣ 2,300 ትራንዚስተር ገደማ ነው ያለው፣ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ በ1971። ንድፉን የመራው ፌዴሪኮ ፋጂን እንደሚናገረው በ1970 መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዎቹ ዋፈሮች (ቺፖቹ የሚታተሙባቸው የሲሊከን ሳህኖች) ሲመጡ አንዱም አልሰራም፣ ምክንያቱም ፋብሪካው ውስጥ አንድ የማስክ ሌየር ተዘሎ ነበር። ንድፉ ደህና ነበር፣ በሚቀጥለው ወር እንደገና ተመርቶ ሲመጣ ሰራ። እዛ ግን ፋብሪካው የራሳቸው ስለነበር በሳምንታት ውስጥ መድገም ቻሉ። እናንተ በሻትል ስትሄዱ ከላካችሁበት ቀን ቺፑ እጃችሁ እስኪገባ ከግማሽ አመት በላይ ጠብቁ።

ሌላው ቦታ ነው። ስካይወተር 130 ናኖሜትር ላይ፣ ማለትም ጎግልና ስካይወተር በ2020 በነጻ የለቀቁት ፒዲኬ (የፋብሪካው የንድፍ ደንብና ፋይሎች) ላይ፣ ትንሿ ተራ ፍሊፕ ፍሎፕ (አንድ ቢት የምትይዝ ሰርኪዩት) 20 ስኩዌር ማይክሮን ትይዛለች። የታይኒ ቴፕአውት አንድ ታይል (የሚሸጠው አንድ ቁራሽ ቦታ) ወደ 160 በ100 ማይክሮን ነው፣ 16,000 ስኩዌር ማይክሮን በሉት። አሁን 1 ኪሎባይት ካሽ ያልከውን በፍሊፕ ፍሎፕ ብትሰራው 8,192 ቢት ነው፣ በ20 ስታባዛው ከ160,000 ያልፋል። 10 ታይል ጢም ብሎ ሞላ፣ ገና አንድ ሽቦ ሳታሳልፍ። ታይል ደሞ ጢም ተደርጎ አይሞላም፣ 60 በመቶ ላይ ስትደርስ ራውቲንጉ (የሽቦዎቹ መንገድ) መጨናነቅ ይጀምራል። ኤፍፒጂኤ ላይ ሜሞሪ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅህ ዋጋው አይታይህም፣ ሲሊከን ላይ ግን አካባቢውን የሚበላው እሱ ነው። 64 ባይት ብቻ ራሱ አንድ ታይል ይወስድብሃል።

ስለዚ ምክሬ፣ ፕሮጀክት ስትመርጡ "ይሄን መጻፍ እንችላለን ወይ" አትበሉ። "ይሄ ልክ መስራቱን በራሳችን ላፕቶፕ፣ በራሳችን ጠረጴዛ ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት እንችላለን ወይ" በሉ። መልሱ አዎ የሆነውን ውሰዱ፣ ትንሽ ቢመስልም።

ሪሴት_የረሳው፦

ከላይ ያለው ወንድማችን ያለው ልክ ነው፣ እኔ በራሴ የደረሰውን ልጨምር።

እኛ 2 ሆነን ነበር የሰራነው። ሴንሰር በኤስፒአይ አንብቦ በዩአርት የሚልክ ቀላል ነገር፣ ኤፍፒጂኤ ላይ ወር ሙሉ ሲሰራ ነበር፣ ማታ ትተነው ተኝተን ጠዋት እየላከ ነው የምናገኘው። ልከነው ቺፑ ሲመጣ አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ አይነሳም። ፓወሩን ነቅለህ ስትሰካው ከ5 ጊዜ 2 ጊዜ ዝም ይላል። ምክንያቱን ለማወቅ 3 ሳምንት ፈጀብን። የዩአርቱ ፍጥነት ቆጣሪ ሪሴት (ወደ መነሻ ዋጋው የሚመልሰው ሲግናል) አልነበረውም፣ እኔ ነኝ ያልሰጠሁት፣ ቬሪሎጉ ላይ ኢኒሻል ብሎክ ጽፌ መነሻ ቁጥሩን እዛ አስቀምጬ ነበር። ኤፍፒጂኤ ሲነሳ ያንን ዋጋ ይጭንልሃል፣ ሲሊከን ላይ ግን ኢኒሻል የሚባል ነገር የለም፣ ፍሊፕ ፍሎፑ ሲነሳ 0 ይሁን 1 ይሁን ማንም አያውቅም፣ ቆጣሪያችን ደሞ ከልክ በላይ ከፍ ያለ ቁጥር ላይ ከተነሳ እኩል የሚለውን ማነጻጸሪያ አልፎት ይሄዳል።

የሚያናድደው ጌት ሌቨል ሲሙሌሽን ብናስኬድ ኖሮ ወዲያው ነበር የሚታየው፣ ማለትም ኮዱ ወደ ጌቶች ከተቀየረ (ሲንተሲስ) እና ጌቶቹ ቦታ ከያዙ (ሌይአውት) በኋላ የወጣውን ኔትሊስት (የጌቶቹን ዝርዝር) በዛው ቴስትቤንች (የመፈተሻ ኮድ) መልሶ መሞከር። ሁሉም ሲግናል ቀይ ኤክስ፣ ማለትም ዋጋው ያልታወቀ፣ ሆኖ ይመጣልሃል። ጊዜ የለም ብለን ዘለልነው፣ ለዛም ነው ይሄን ስም የያዝኩት፣ ሁሌ እንዳስታውሰው።

ስለዚ ምንም ነገር ብትመርጡ ሶስት ነገር አትዝለሉ። ስቴት የሚይዝ ነገር ሁሉ ሪሴት ይኑረው። ጌት ሌቨሉን አስኪዱ። የታይሚንግ ሪፖርቱ ላይ ደሞ ሆልድ የሚለውን በደንብ አንብቡ፣ ሴትአፕ (ዳታው ከክሎኩ ቀድሞ መድረሱ) ቢጎድል ክሎኩን ዝቅ አድርጋችሁ ታመልጣላችሁ፣ ሆልድ (ዳታው ከክሎኩ በኋላ ትንሽ ሳይቀየር መቆየቱ) ከጎደለ ግን ክሎኩን 1 ኸርዝ ብታደርጉት እንኳን አይድንም፣ ቺፑ ሞቷል።

ኮር_ወዳዱ፦

ጋይስ ትንሽ ልቃወም። ልጆቹን በጣም አስፈራራችኋቸው። እኔ ፕሮሰሰር መስራት ነው ወደዚ ሙያ ያስገባኝ፣ ሰው የሚወደውን ካልሰራ 9 ወር እሁዱን ሰውቶ አይቆይም፣ በአራተኛው ወር አንዱ ሰርግ አለብኝ ይላል ሌላው ስራ በዛብኝ ይላል ያልቃል።

ደሞ ትንሽ ፕሮሰሰር አለ እኮ። ኦሎፍ ሺንድግሬን የሰራው ሰርቭ የሚባል የሪስክ ፋይቭ ኮር (የፕሮሰሰሩ ዋና አካል) በአንድ ጊዜ አንድ ቢት ብቻ ነው የሚያሰላው፣ ቀርፋፋ ነው ግን በጣም ትንሽ ነው። ወይ የራሳቸውን ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር ይስሩ፣ 10 የማትሞላ ኢንስትራክሽን፣ 16 ባይት ሜሞሪ። እንደዚ አይነት ነገር በታይኒ ቴፕአውት የሰሩ ሞልተዋል።

ቬሪፊኬሽን_ነኝ፦

ኮር ወዳዱ የመነሳሳቱ ነገር ላይ እስማማለሁ፣ የማይወዱትን ይስሩ አላልኩም። ባለ 8 ቢቷም ጥሩ ናት፣ 16 ባይት 128 ቢት ነው፣ ይገባል። ሪስክ ፋይቭ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በል፣ ሬጂስተሮቹ ብቻ፣ ዜሮውን ትተህ 31 በ32 ቢት፣ 992 ፍሊፕ ፍሎፕ ናቸው። ወደ 20,000 ስኩዌር ማይክሮን። አንድ ታይል ሌላ ምንም ሳይኖር አይበቃቸውም። ሰርቭም ኮሩ ትንሽ ነው እንጂ ሬጂስተሮቹን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ ይፈልጋል። ሰው የሰራውን ኮር ወስዶ ቺፕ ማድረግ ሌላ ትምህርት ነው፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን ልጆቹ ንድፍ መማር ነው የፈለጉት መሰለኝ።

ፕሮሰሰሩን ኤፍፒጂኤ ላይ ይስሩት፣ እዛ ስህተት በነጻ ነው። ወደ ሲሊከን የሚሄደው ሌላ ይሁን።

የዲጂታል_መምህር፦

ልጆች እንደምን አላችሁ። ዲጂታል ዲዛይን ሳስተምር ብዙ አመት ሆኖኛል፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ይዘው ሲመጡ ሁሌ የማየው ይሄንኑ ነው፣ ርዕሱ ሰፊ ነው፣ ሰኔ ሲደርስ ግን የሚታይ ነገር ይጠፋል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ሊን ኮንዌይ እ.ኤ.አ በ1978 ኤምአይቲ ላይ ስታስተምር ተማሪዎቹ ከዛ በፊት ቺፕ ነክተው የማያውቁ ነበሩ፣ በአንድ ሴሚስተር የየራሳቸውን ትንሽ ትንሽ ንድፍ ሰርተው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተሰብስቦ ተመርቶ፣ ቺፓቸው እጃቸው ገባ። ዛሬ ሻትል የምትሉት ነገር መንገዱ ከዛ ነው የመጣው። ያ የሆነው የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ አንድ ሴሚስተር የሚችለው ስለነበር ነው።

እኔ የምመክራችሁ ፕሮጀክት የኢትዮጵያ ሰዓትና የቀን መቁጠሪያ ቺፕ ነው። ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ቀን፣ ወር፣ አመት የሚቆጥርና በሰባት ሴግመንት የሚያሳይ። ቀላል ነው ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ስሙኝ።

አንደኛ፣ ሃርድዌር ይወደዋል። የፈረንጆቹ ወር 28፣ 29፣ 30፣ 31 እያለ ሰንጠረዥ ይፈልጋል፣ ለመቶ አመትም የተለየ ህግ አለው። የኛ 12ቱ ወር እኩል 30 ነው፣ ጳጉሜ 5 ናት፣ በዘመነ ሉቃስ 6። ያ ደሞ አመቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍበት ነው፣ 2015ን አስታውሱ፣ ጳጉሜ 6 ነበራት። አመቱን በቢሲዲ (እያንዳንዱን አሃዝ ለብቻው በ4 ቢት) ከያዛችሁት 100 ለ4 ስለሚካፈል ማየት ያለባችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ ነው፣ ከእነሱም ሶስት ቢት ብቻ። ከቀኝ ስትቆጥሩ የአንድ ቤቱ የመጀመሪያ ቢት 1 ከሆነ፣ እና የአንድ ቤቱ ሁለተኛ ቢት ከአስር ቤቱ የመጀመሪያ ቢት ጋር በኤክስኦር 1 ከሰጠ (ሁለቱ ከተለያዩ)፣ ዘመነ ሉቃስ ነው። አንድ የኤክስኦር (XOR) ጌትና አንድ የAND ጌት። ወረቀት ላይ 2011ን፣ 2015ን፣ 2019ን፣ 2023ን ሞክሩት።

ሁለተኛ፣ ይገባል። 32,768 ኸርዝ ክሎክ ብትሰጡት፣ ቁጥሩ 2 በራሱ 15 ጊዜ ሲባዛ የሚመጣው ነው፣ 15 ቢት ቆጣሪ አንድ ሰከንድ ይሰጣችኋል። ሰከንድ 7፣ ደቂቃ 7፣ ሰዓት 5፣ ቀንና ሌሊት መለያ 1፣ ቀን 6፣ ወር 5፣ አመት 16። ሁሉም በቢሲዲ 62 ፍሊፕ ፍሎፕ። በወንድማችን ሂሳብ 1,240 ስኩዌር ማይክሮን፣ የአንድ ታይል 8 በመቶ ገደማ። የቀረው ቦታ ለቁልፍ ማንበቢያ፣ ለዲስፕሌይ ማልቲፕሌክስ (አሃዞቹን በየተራ ማብሪያ)፣ ለአላርም ይበቃል።

ሶስተኛው ለኔ ዋናው ነው። መልሱን ታውቁታላችሁ። ስትሳሳቱ ማንም ሳይነግራችሁ ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ይነግራችኋል።

አራተኛዋ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። እኔ የቡድኑ ሶፍትዌር ሰው ነኝ። ሀሳቡን ለልጆቹ ሳነብላቸው አንዱ ፊቱን ትንሽ አጨማደደ ግን እኔ በጣም ወደድኩት፣ ወዲያው በፓይተን ልጽፈው ጀመርኩና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጥያቄ አሰረኝ። ቀኑ የሚቀየረው ስንት ሰዓት ላይ ነው? እኔ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው ብዬ ጻፍኩ፣ ጓደኛዬ ደሞ 12 ሰዓት ጠዋት ላይ ነው ቀን የሚጀምረው አለ፣ እናቴን ስጠይቃት በቤተክርስቲያን ከዋዜማው ምሽት ነው አለችኝ። ሶስታችንም ልክ ነን። የትኛውን እንያዝ?

የዲጂታል_መምህር፦

ልጄ ተባረኪ፣ አንድ መስመር ቬሪሎግ ሳይጻፍ ይሄን ጥያቄ ማግኘትሽ የስራው ግማሽ ነው። ሶስቱም ልክ ነው፣ ቺፑ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካላንደር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው የሚቀይረው፣ ያንን ያዙና ገጽ አንድ ላይ ጻፉት። ከዛ ምን እንደሚከተል ተመልከቺ። ቀንና ሌሊት መለያው የሚገለበጠው 11:59 ወደ 12:00 ሲሄድ ነው፣ ሰዓቱ ወደ 1 የሚመለሰው ከ12:59 በኋላ ነው፣ ቀኑ የሚጨምረው ደሞ ሌሊት ሆኖ 5:59 ወደ 6:00 ሲሄድ። ሶስት የተለያየ ቦታ። ሁሉንም 12 ላይ አንድ ላይ የሚያስር ሰው ጥቅምት 3 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ገና ጥቅምት 2 ያሳያል።

አንድ አደራ፣ አንቺ በፓይተን የምትጽፊውን ሞዴል ቬሪሎግ የሚጽፈው ልጅ እንዳያየው። እሱ ከስፔኩ (ቺፑ ምን እንደሚሰራ ከሚገልጸው) ወረቀት ይጻፍ፣ አንቺም ከወረቀቱ ጻፊ፣ ከዛ ሁለቱን አጋጥሟቸው። አንድ ሰው ሁለቱንም ከጻፈ አንድ አይነት ስህተት ሁለት ጊዜ ይጽፍና ተስማማልኝ ይላል። ለሞዴልሽ መነሻ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነበር፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11፣ 2024። እነዚህ ካልወጡልሽ ሌላውን አትቀጥዪ።

ጀማሪዎቹ_4፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። ፊቱን ያጨማደደው እኔ ነኝ፣ እሷ በደግነት ስሜን አልጠራችም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ነው የሚለው ስጋት አለኝ። ማስተርስ ስንጠየቅ ሰዓት ሰራን ስንል ምን ይሉናል? ሌላው ደሞ፣ 4 አመት የሚዞር ነገር እንዴት ነው ሙሉ በሙሉ ሲሙሌት የሚደረገው?

ቬሪፊኬሽን_ነኝ፦

ሁለተኛው ጥያቄህ የመጀመሪያውን ይመልስልሃል፣ ተመልከት።

4 አመት 1,461 ቀን ነው፣ 126,230,400 ሰከንድ። እያንዳንዱ ሰከንድ 32,768 ዑደት ነው፣ አንድ ላይ ከ4 ትሪሊዮን ያልፋል። ቬሪሌተር የሚባለው ሲሙሌተር በሰከንድ 1 ሚሊዮን ዑደት ቢያስኬድልህ እንኳን 48 ቀን ነው፣ መብራት ሳይጠፋ። አይሆንም። ስለዚ ቺፑ ውስጥ የቴስት ፒን ታስገባለህ፣ ያ ፒን ሲበራ 15 ቢቱ ቆጣሪ ይዘለልና እያንዳንዱ ክሎክ አንድ ሰከንድ ይሆናል። አሁን 126 ሚሊዮን ዑደት ብቻ ነው፣ ሁለት ደቂቃ። አራቱንም አመት፣ እያንዳንዷን ሰከንድ ከልጅቷ ፓይተን ጋር ታስተያያለህ። የ15 ቢቱን ቆጣሪ ለብቻው ትፈትሸዋለህ።

ይሄው ፒን ቺፑ ሲመጣም ያድንሃል። ጳጉሜ 6ን ለማየት ዘመነ ሉቃስን ቁጭ ብለህ አትጠብቅም። የቴስቱን ፒን አብርተህ 50 ሜጋኸርዝ ክሎክ ብትሰጠው አራቱ አመት በ2.5 ሰከንድ ያልፋል። እኛ ስራ ቦታ ለዚ ነገር ራሱን የቻለ ቡድን አለን፣ ቺፕ ውስጥ ከሚሰራው ስራ በተጨማሪ መፈተሻ መንገድ መገንባት።

እኔ ስራ ፈላጊ ስጠይቅ፣ ሪስክ ፋይቭ ከኤአይ ጋር ሰራሁ የሚል ብዙ ሲቪ አያለሁ። "እንዴት አረጋገጥከው" ስል ዝም ይላሉ። አንተ ግን "1,461 ቀን እያንዳንዷን ሰከንድ ከቬሪሎጉ ተለይቶ ለብቻው ከተጻፈ ሞዴል ጋር አስተያየን፣ ይሄን ይሄን ስህተት አገኘን፣ ጌት ሌቨሉ ላይ ደሞ ይሄ ወጣ" ካልከኝ ወንበሬን ወደ አንተ ነው የማስጠጋው።

የስራ ክፍፍሉን ልጨምር። አንዱ ሌይአውቱን ከመጀመሪያው ወር ይያዝ፣ ሁለት ቢት ቆጣሪም ቢሆን ሊብሬሌን በሚባለው የሌይአውት ሶፍትዌር ውስጥ አሳልፎ ጂዲኤስ (ወደ ፋብሪካ የሚላከውን ፋይል) ያውጣ፣ ኬሌይአውት በሚባለው ማያ ላይ ከፍቶ ይየው። መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ የሚል ሰው መጨረሻ ላይ ከዲአርሲ (የፋብሪካው የንድፍ ደንብ ፍተሻ) ኤረር ጋር ያድራል። አራተኛው ቦርዱን ይያዝ፣ ቁልፎቹን፣ ዲስፕሌዩን። የቺፑ ፒን አንድ ሙሉ ዲጂት ለመንዳት ከረንቱ አይበቃውም፣ የዲጂት መምረጫው ላይ ትራንዚስተር ያስፈልጋል። ቁልፎቹ ከክሎኩ ጋር ስለማይናበቡ ሁለት ፍሊፕ ፍሎፕ አስከትላችሁ አስገቧቸው፣ ከዛ ነው ዲባውንስ (ቁልፉ ሲነካ የሚፈጥረውን መንቀጥቀጥ ማጥፋት) የሚመጣው።

ኮር_ወዳዱ፦

ተረትቻለሁ ማለት ባልፈልግም የቴስት ፒኑ ነገር አሳምኖኛል። አንድ ጥያቄ ግን፣ ሻትሉ ቢቋረጥስ? ሻትሎቹን ያስመርት የነበረው ድርጅት ኢፋብለስ በ2025 ማርች ሲዘጋ ንድፋቸውን ልከው ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ግራ ገብቷቸው ነበር።

ሪሴት_የረሳው፦

ልክ ነህ፣ እኛ የምናውቃቸው ልጆችም በዛ ጊዜ ተጨንቀው ነበር። ታይኒ ቴፕአውት ከዛ በኋላ በጀርመኑ አይኤችፒ 130 ናኖሜትር ላይም ሻትል አስኪዷል፣ ፒዲኬው እሱም ክፍት ነው። ስለዚ ልጆች አርቲኤላችሁን (የንድፉን ኮድ) ንጹህ ቬሪሎግ አድርጉት፣ የአንድ ፋብሪካ ሴል በስሙ አትጥሩ፣ ያኔ በሁለቱም ላይ ታሳልፉታላችሁ። ማመልከቻችሁንም ቺፑ እጃችሁ በሚገባበት ቀን ላይ አትሰሩት፣ ጂዲኤሱ ንጹህ ሆኖ በወጣበት ቀን ላይ ስሩት፣ እሱ በእናንተ እጅ ነው። ክፍያው ሻትሉ ከመከፈቱ በፊት ይታሰብበት፣ ቦታና ቦርድ አንድ ላይ መቶዎች ዩሮ ነው፣ በውጭ ካርድ ነው የሚከፈለው፣ ዘመድ ካላችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እቃው ሲገባ ቀረጥም አለ።

አራተኛዋ፦

ተሰብስበን ወሰንን፣ የቀን መቁጠሪያው ነው። ስፔኩ ሁለት ገጽ ተኩል ሆነ፣ ትናንት ማታ የኔ ሞዴልና የሱ ቬሪሎግ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ፣ ጳጉሜ ላይ ተለያዩ። እሱ ወሩን ወደ 13 ሲያሻግር ቀኑን 0 ላይ ነው የጀመረው፣ የኔ ደሞ አመቱ የሚጨምረው አንድ ቀን ቀድሞ ነበር። ሁለታችንም ተሳስተናል፣ ሁለቱም ተገኙ። በጣም ነው ደስ ያለን።

አንድ የቀረን ነገር፣ 32,768ቱን ከየት እናምጣ? ተራ የሰዓት ክሪስታል ገዝተን ፒኑ ላይ ብናስረው ይሰራል?

የዲጂታል_መምህር፦

አይሰራም ልጄ። ባዶ ክሪስታል ብቻውን አይወዛወዝም፣ የሚያወዛውዘው አምፕሊፋየር ይፈልጋል፣ ተራ ዲጂታል ፒን ያ የለውም። ለአርዱዪኖ የሚሸጠውን ዲኤስ 3231 ሞጁል ውሰዱ፣ 32ኬ የሚል ፒን አለው፣ እዛ ላይ ፑልአፕ ሬዚስተር አድርጋችሁ ለቺፑ ክሎክ ስጡት። በክፍል ሙቀት ስህተቱ ከሚሊዮን 2 ነው፣ በአመት አንድ ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ዛሬውኑ ታንግ ናኖው ላይ አስራችሁ አስነሱትና እስከ ቴፕአውት ቀን (ንድፉ ወደ ፋብሪካ እስከሚላክበት) ሳይጠፋ ይቁጠር።